በጠባብ በጀት ያልበሰለ ምግብ መመገብ፦ ከጉሊት እስከ ገበታ

«ጥሬ» ሲባል በአገራችን ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቁርጥ ሥጋ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚመለከተው እሳት ሳይነካቸው፣ ቢሞቁም ከ48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያልፉ የሚበሉትን ፍራፍሬዎች፣ አትክልቶች፣ የቅባት እህሎችና የበቀሉ ጥራጥሬዎች ነው። አመጋገቡ በአውሮፓ ረጅም ዕድሜ አለው፤ የስዊዘርላንዱ ሐኪም ማክሲሚሊያን ቢርሸር-ቤነር በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለሕሙማኑ የተፈቀፈቀ ፖም፣ አጃና ሎሚ የተቀላቀለበት ምግብ ያቀርብ ነበር። ዛሬ ስለዚህ አመጋገብ የሚነገረው በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ዘሮችን፣ ውድ መፍጫዎችንና ማድረቂያዎችን የሚጠቅስ በመሆኑ፣ በወር ደመወዝ ለሚተዳደር የአዲስ አበባ ነዋሪ የማይደረስበት መስሎ ይታያል። እኔም በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ስጀምረው ይኸው ግምት አሳስቶኝ ነበር፤ ለወሩ ምግብ ከያዝሁት ገንዘብ ግማሹን በመጀመሪያው ሳምንት ለሰላጣ ቅጠልና ለታሸጉ የውጭ ዘሮች አውጥቼ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሆዴም ኪሴም ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በገበያና በማእድ ቤት የተማርሁትን እነሆ በዝርዝር አቀርባለሁ።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይህን አመጋገብ ያለ ሐኪም ምክር መጀመር የለባቸውም። ለጤነኛ ሰውም ቢሆን የእኔ ምክር ከቀኑ ምግብ ሁለት ሦስተኛውን ጥሬ አድርጎ አንዱን ገበታ ለበሰለ ምግብ መተው ነው። የጀርመኑ ጊሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በጥሬ ምግብ ይኖሩ ከነበሩና ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት በታች ከሆነ ሴቶች መካከል 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የወር አበባቸው በከፊል ወይም ጨርሶ ተቋርጦ ነበር፤ በጥናቱ ከተካተቱት ሴቶች ደግሞ ሩብ ያህሉ ክብደታቸው ከጤናማው ልክ በታች ነበር። ገንዘብ ተትረፍርፎ በሚገኝበት አገር ይህ ከሆነ፣ በቆጠራ የሚበላ ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባው መገመት አያዳግትም።

ከቅጠል በፊት ካሎሪ

በጥቂት ገንዘብ ይህን አመጋገብ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ሆዱን በቅጠል ሞልቶ ጉልበት ስለሚያጣ ነው። 100 ግራም ጥቅል ጎመን የሚሰጠው 25 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ቲማቲም 18፣ ሰላጣ 15 ብቻ ይሰጣሉ። በቀን 2,000 ካሎሪ የሚያስፈልጋት ሴት ይህን ከጥቅል ጎመን ብቻ ላግኝ ብትል 8 ኪሎ መብላት ይኖርባታል። በአንጻሩ ከ100 ግራም የአቮካዶ ሥጋ 160፣ ከሙዝ 89፣ ካልተቆላ ለውዝ 567፣ ከተልባ 534 ካሎሪ ይገኛል። ስለዚህ ገንዘብዎን ሲመድቡ በመጀመሪያ የሚገዙት እነዚህን ነው፤ ቅጠላ ቅጠልና ቲማቲም የሚገዙት በተረፈው ነው።

ዋጋንም በኪሎ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። አንድ ኪሎ አቮካዶ ልጣጩና ፍሬው ሲወጣ 700 ግራም ገደማ ሥጋ ስለሚተርፈው ወደ 1,100 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ኪሎ ሙዝ ደግሞ ልጣጩ ሲነሣ 650 ግራም ያህል ይቀረውና 580 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው፦ የአንድ ኪሎ አቮካዶ ዋጋ ከአንድ ኪሎ ሙዝ ዋጋ እጥፍ እስካልደረሰ ድረስ፣ በጉልበት ሲለካ የሚረክሰው አቮካዶው ነው። ለውዝ በኪሎ ሲጠየቅ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ለውዝ ከ5,600 ካሎሪ በላይ ስለሚይዝ ከአምስት ኪሎ አቮካዶ ጋር የሚተካከል ነው። እኔ ይህን ስሌት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ በየሳምንቱ ከገበያው ዋጋ ጋር አስተያየዋለሁ።

ገበያ

ቀድሞ ፒያሳ የነበረው፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ የተዛወረውና በኋላም ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ የሰፈረው አትክልት ተራ በብዛት ለሚገዛ ሰው ይረክሳል፤ አንድ ሰው ግን ሙሉ ሳጥን ቲማቲም ወይም አቮካዶ ገዝቶ ሳይበላሽበት ሊጨርሰው አይችልም። መፍትሔው ከሁለት ወይም ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ በጋራ መግዛትና መካፈል ነው። እቁብ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አይደክምም፤ ጎረቤቶችዎ ጥሬ ምግብ ተመጋቢዎች መሆንም አይጠበቅባቸውም፣ ምክንያቱም ቲማቲሙ ለእነርሱ ወጥ፣ ለእርስዎ ሰላጣ ይሆናል። አትክልት ተራ ድረስ መሄድ የማይመቸው ሰው በየክፍለ ከተማው የሚቆመውን የእሑድ ገበያና የሸማቾች ማኅበራት ሱቆችን ከሰፈሩ ጉሊት ዋጋ ጋር ማወዳደር አለበት።

ጉሊት ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። በመደብ የሚሸጡ ሴቶች ሲመሽ የተረፋቸውን ወደ ቤት ተሸክመው መመለስ ስለማይፈልጉ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ የበሰለ ሙዝ፣ የለሰለሰ አቮካዶና ልጣጩ ትንሽ የተጋጋጠ ፓፓያ በተሻለ ዋጋ ይገኛል። ለሚያበስል ሰው ጉድለት የሚመስለው ይህ መብሰል ለእኛ ጥቅም ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ሙዝ ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ለመፍጨትም አይከብድም። የፈነዳ ወይም የሻገተ ግን በነጻ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ። ከአንዲት ሻጭ ጋር ደንበኛ ይሁኑ፤ ምርቃት መጠየቅም ነውር የለበትም፣ አንድ ሎሚ ወይም ሁለት ቃሪያ በየቀኑ ሲመረቅልዎ በወር ውስጥ የማጣፈጫው ወጪ ይቀልላል። አቮካዶ ሲገዙ ሁሉንም አንድ ዓይነት አይምረጡ፤ አንዱ ለዛሬ የደረሰ፣ ሁለቱ ለነገና ለተነገ ወዲያ ጠንከር ያሉ ይሁኑ፤ ይህ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ወቅትን መከተል ግድ ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ስለሚመጣ የበጀቱ ምሰሶ ሊሆን ይችላል። ቲማቲም በክረምት ዝናቡ ስለሚያበላሸው፣ በጾም ወራት ደግሞ ፈላጊው ስለሚበዛ ይወደዳል፤ በዚያን ጊዜ በካሮትና በጥቅል ጎመን ይተኩት። በለስ በነሐሴ ሲመጣ፣ የባቄላ እሸት ክረምቱ ሲወጣ፣ የሽምብራ እሸት ቆየት ብሎ በእስር ሲሸጥ ሳያሳልፉ ይግዙ። እሸትን በጥሬው መፈልፈል ከልጅነታችን የምናውቀው ነገር ስለሆነ፣ ይህን አመጋገብ እንደ ባዕድ ለሚያዩት ዘመዶች ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ የሚችል ይመስለኛል።

ማጎንቆል

ጥራጥሬ በስሙ ውስጥ «ጥሬ» የሚለው ቃል ይሰማ እንጂ በደረቁ አይበላም። የሚበላው ሲጎነቁል ነው። እናቶቻችን ለጠላ ብቅል ገብስ የሚያበቅሉበትና ባቄላ ዘፍዝፈው የሚያጎነቁሉበት ዘዴ፣ በጠባብ በጀት ጥሬ ምግብ ለሚመገብ ሰው ዋናው የፕሮቲን ምንጭ የሚገኝበት ዘዴ ነው። አንድ ኪሎ ምስር ሲጎነቁል ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 100 ግራም የጎነቆለ ምስር 9 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 106 ካሎሪ ይሰጣል። ዘሩ ሲበቅል ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ የሚይዘው ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገርም ይቀንሳል።

ለመጀመር የሚመቹት ምስርና ማሾ ናቸው። ምስሩ ድፍን መሆን አለበት፤ ክክ አይበቅልም። ለመዝራት የተዘጋጀ ምርጥ ዘር ፈጽሞ አይግዙ፣ ብዙውን ጊዜ ፀረ ተባይ መድኃኒት የተቀባ ነውና። አንድ ብርጭቆ ምስር ለቅመው፣ ደጋግመው አጥበው፣ ለመጠጥ በሚሆን ንጹሕ ውሃ ማታ ይዘፍዝፉት። ጠዋት ውሃውን ይድፉ፤ ምስሩን አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩና አፉን በንጹሕ ስስ ጨርቅ አስረው፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ አዘንብለው ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት። ጠዋትና ማታ፣ ቢቻል ቀትር ላይም፣ ንጹሕ ውሃ ጨምረው እያለቀለቁ በደንብ ያንጠፍጥፉ። በሁለት ወይም በሦስት ቀን፣ በክረምት ብርድ ትንሽ ዘግይቶ፣ ነጭ ጭራ ያወጣል። ጭራው ከዘሩ ርዝመት ጋር ሲተካከል ለመብላት ደርሷል። ቢያሙለጨልጭ ወይም ቢሸት ያለ ማመንታት ይጣሉት። ሁለት ጠርሙስ ይዘው አንዱን በየሁለት ቀኑ ቢጀምሩ ሳይቋረጥ ይደርስልዎታል።

ከዚህ ምስር የሚሠራው አዚፋ በእኔ ቤት ከተቀቀለው ይልቅ ይወደዳል። ሁለት ብርጭቆ የጎነቆለ ምስር በሙቀጫ ደቀቅ አድርገው፣ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩበትና ለግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ሰናፍጩ የጥሬውን ሽታ ያጠፋዋል።

ቡቃያ ግን አደጋም አለው፤ ዘሩን የሚያበቅለው ሙቀትና እርጥበት ባክቴሪያንም ያራባል። በ2011 እ.ኤ.አ. በጀርመን ከአብሽ ቡቃያ ጋር በተያያዘ የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ እጅዎንና ዕቃውን በሚገባ ይታጠቡ፣ የደረሰውን በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይጨርሱ። የፈላ ውሃ ማልበስ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ለአረጋውያን፣ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች ቡቃያው በደንብ ተቀቅሎ ይሰጣቸው።

ንጽሕና

በከተማችን ለሚኖር ሰው ከገንዘቡ ይልቅ አሳሳቢው ጉዳይ ይህ ነው። በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳርቻ የሚበቅለው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚጠጣው ውሃ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የሚገባበት ነው። ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን እንደ እርሳስና ካድሚየም ያለ ከባድ ብረት ግን አያወጣም። በዚህ ምክንያት እኔ የሰላጣ ቅጠልን ከዝርዝሬ አውጥቻለሁ፤ ሳገኘውም ከየት እንደመጣ ጠይቄ ካልተረዳሁ አልገዛም። በእሱ ምትክ የላይኛው ሦስት አራት ቅጠል የሚገፈፍ ጥቅል ጎመን፣ የሚላጥ ካሮት፣ ልጣጫቸው የሚጣል ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና ብርቱካን ይመረጣሉ። ካሮት ከገበያ አብረቅርቆ ሲመጣ የታጠበበት ውሃ የወንዝ ሊሆን ስለሚችል፣ ንጹሕ ቢመስልም በቤት ሳይታጠብና ሳይላጥ አይበላ። ፓፓያና አቮካዶም ከመቆረጣቸው በፊት ልጣጫቸው ይታጠብ፤ ቢላው ከልጣጩ ላይ ያነሣውን ወደ ሥጋው ይዞት ይገባልና።

ለአጠባቡ የምከተለው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለያይቼ፣ ፊቱንም ጀርባውንም በሚፈስ ውሃ በጣቴ እያሸሁ አጥባለሁ፤ የወስፋት እንቁላልን የሚያስለቅቀው በዋናነት ይህ ማሸት ነው፣ በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድለውምና። ከዚያ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ የሻይ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ አሟሙቼ ቅጠሉን ለአምስት ደቂቃ አቆይና በመጨረሻ ለመጠጥ በሚሆን ውሃ አለቀልቃለሁ። መጠኑን መጨመር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። አቼቶ የሚጠቀሙ ብዙዎች ናቸው፤ አቼቶ ብቻውን ጀርሙን በሚገባ አይገድልም፣ ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በጾሙ አጋማሽ ላይ አንድ ሳምንት በአሜባ ተኝቼ ለመድኃኒትና ለምርመራ ያወጣሁት ገንዘብ፣ ለአሥር ቀን ምግብ ይበቃኝ ከነበረው በልጦ ነበር።

በጥሬው የማይነኩ

ቦሎቄ ጎንቁሎም ቢሆን በጥሬው መርዛማ ነው፤ በኃይል ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ጓያ ከማንኛውም ዝርዝር ይውጣ፣ እግርን ሽባ የሚያደርገው መርዙ በብዙ ሲበላ አደገኛ ነውና። ካሳቫና አረንጓዴ የሆነ ድንች በጥሬው አይበሉም። በዘር የሚተላለፍ የደም ሕዋስ ኢንዛይም ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ከባቄላ መራቅ አለባቸው። ለውዝ ሲገዙ የጨማተረ፣ የጠቆረና የሻገተውን ለቅመው ይጣሉ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፣ መቁላትም አያጠፋውም። ያልፈላ ወተትና ጥሬ እንቁላል በርካሽ ቢገኙም፣ የመጀመሪያው ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ፣ ሁለተኛው ሳልሞኔላ ሊያስይዝ ስለሚችል አልመክራቸውም።

የአንድ ቀን ገበታ

ጠዋት ሦስት ሙዝና ማታ ተዘፍዝፎ ያደረ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተልባ፤ ረፋድ ላይ ሁለት እፍኝ የሚሆን፣ 60 ግራም ያህል ያልተቆላ ለውዝ። ምሳ 250 ግራም የምስር አዚፋ፣ 200 ግራም የአቮካዶ ሥጋና በመፈቅፈቂያ የተፈቀፈቀ ጥቅል ጎመንና ካሮት በሎሚና በአንድ ማንኪያ ዘይት። ማታ 400 ግራም ፓፓያ፣ የተረፈው ግማሽ አቮካዶና 30 ግራም የተፈለፈለ ሱፍ። ይህ ሁሉ ሲደመር 2,000 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሙሉ ቀኑ በጥሬ የሚበላበት ናሙና ስለሆነ ግን፣ ከላይ እንደመከርሁት አንዱን ገበታ በበሰለ ምግብ መተካት ይሻላል። ለወንድ ወይም የጉልበት ሥራ ለሚሠራ ሰው አይበቃም፤ ሌላ 60 ግራም ለውዝና ሁለት ሙዝ ይጨመርበት። ካሮቱ ከአቮካዶው ወይም ከዘይቱ ጋር አንድ ላይ መበላት አለበት፤ ሰውነት ቢጫውን ንጥረ ነገር ወደ ቫይታሚን ኤ ለመለወጥ ቅባት ይፈልጋልና። ጣዕሙ ሲሰለች በሽንኩርትና በቲማቲም የተሞላ የቃሪያ ስንግ፣ ወይም በሙቀጫ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ገበታውን ይለውጡታል። ከሙቀጫ፣ ከመፈቅፈቂያ፣ ከቢላና ከሁለት ጠርሙስ በላይ ዕቃ አያስፈልግም፤ ለከሰልና ለኤሌክትሪክ ይወጣ የነበረውም ለለውዙ ይደጉማል።

በዚህ ገበታ ውስጥ ጨርሶ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው። በጾም ወራት ብቻ የሚመገብ ሰው በፍስክ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከሥጋ ስለሚተካው አያሳስበውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚቀጥል ሰው ግን ከፋርማሲ እንክብሉን ገዝቶ መውሰድ አለበት፣ ወጪውንም ከመጀመሪያው በበጀቱ ይያዝ። ከምስሩና ከቅጠሉ የሚገኘውን ብረት ሎሚ ያግዘዋል፤ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል፣ ስለዚህ ከምግቡ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ጥሬ ጎመን በብዛት መመገብ አዮዲን በሚያንሰው ሰው ላይ እንቅርት ሊያባብስ ስለሚችል፣ ጨው ሲገዙ ማሸጊያው ላይ አዮዲን ያለው መሆኑን ያረጋግጡ።

በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይመዘኑ። ለመክሳት ሳያስቡ በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ክብደትዎ ከቀነሰ በቀን አንድ እፍኝ ለውዝ ይጨምሩ፤ በሦስተኛው ሳምንትም ካልቆመ የማታውን ገበታ በስንዴና በሽምብራ ንፍሮ ይተኩት። የወር አበባ ከዘገየ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት ወይም ደረጃ ሲወጡ ልብዎ ከመታ አመጋገቡን አቁመው ሐኪም ያማክሩ። ከሁለት ቀን በላይ የቆየ ተቅማጥ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም ትኩሳት ከታየ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ፤ ያልበሰለ ቅጠልና ቡቃያ እንደሚመገቡም ሳይጠየቁ ለባለሙያው ይንገሩት።